ፍንዳታው ሲጎላ ንግግሩ ለምን ይጠፋል? ለቤት ቲያትር ስፒከር ሲመረጥ

ምሽት ነው። ቤተሰቡ ከሥራ ተመልሶ፣ ቡናው ተጠጥቶ፣ ሁሉም በሳሎኑ ተሰብስቧል። ፊልሙ ሲጀመር ሁለት ሰዎች ዝቅ ባለ ድምጽ ይነጋገራሉ፤ የሚሉት ግን በቅጡ አይሰማም። ሪሞቱን የያዘው ሰው ድምጹን ይጨምራል። ጥቂት ቆይቶ መኪና ይገለበጣል፣ ሙዚቃው ቤቱን ያናውጣል፣ በመኝታ ክፍል የተኛው ሕጻን ይባንናል። ድምጹ በጥድፊያ ይቀነሳል፤ ንግግሩም ተመልሶ ይጠፋል። እናት "ምን አለ?" ብለው ይጠይቃሉ። አጠገባቸው ያለው ልጅ ሲመልስላቸው የሚቀጥለው ንግግር ለሁለቱም ያመልጣቸዋል። ጥቂት ቆይቶ እናት መጠየቃቸውን ይተዋሉ። ከዚያ በኋላ የሚመለከቱት ምስሉን ብቻ ነው።

ይህ ሁኔታ በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም፣ በዱባይም ሆነ በአዲስ አበባ በብዙ ቤቶች የሚታወቅ ነው። ጥፋቱ አንዳንዴ በእናት ዕድሜ፣ አንዳንዴም በፊልሙ ይሳበባል። መፍትሔ ተብሎ የሚታሰበው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ትልቅ ስፒከር መግዛት። በመደብሮች በተደረደሩት ካርቶኖች ላይ የሚነበቡት "1000 ዋት" እና "7.1" የሚሉት ጽሑፎችም ይህንኑ ሐሳብ ያጠናክራሉ። የድምጽ ሳይንስ የሚያስተምረው ግን የተለየ ቅደም ተከተል ነው። ለቤት ቲያትር ስፒከር የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው "ምን ያህል ይጮኻል?" ብሎ ሳይሆን "ንግግሩ በእያንዳንዱ መቀመጫ ላይ ይሰማል ወይ?" ብሎ ነው። ገንዘቡም በዚሁ ተራ ቢወጣ ይበጃል፤ መጀመሪያ ለንግግሩ፣ ቀጥሎ ለክፍሉ፣ በመጨረሻም ለነጎድጓዱ።

ቀጭኑ ቴሌቪዥን

እ.ኤ.አ. በ1925 ቼስተር ራይስ እና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ ሁለት የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ዛሬም ድረስ በአብዛኞቹ ስፒከሮች ውስጥ የሚሠራውን ስልት ይፋ አደረጉ። ስልቱ ቀላል ነው። በማግኔት መካከል የተቀመጠ የሽቦ ጥቅልል የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲደርሰው ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳል፤ ከጥቅልሉ ጋር የተያያዘው የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ሾጣጣ ደግሞ አየሩን ይገፋል። ጆሮ ድምጽ ብሎ የሚቀበለው ይህንን የአየር ግፊት ነው።

ወፍራም ድምጽ ለማውጣት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል። ለዚህም ሾጣጣው ሰፊ መሆን፣ ወይም ረጅም ርቀት እየተመላለሰ መሥራት ይኖርበታል። የቀድሞዎቹ ባለሳጥን ቴሌቪዥኖች ለዚህ የሚበቃ ስፍራ ነበራቸው፤ የብዙዎቹም ስፒከር ፊቱን ወደ ተመልካቹ ያዞረ ነበር። የዛሬው ቴሌቪዥን ግን ውፍረቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በውስጡ የተሸጎጡት ጥቃቅን ስፒከሮች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳው የዞሩ ናቸው። ድምጹም ተመልካቹ ዘንድ የሚደርሰው ከቡፌው ወይም ከግድግዳው ተላትሞ ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል። የፊልሙ ድምጽ ሲቀነባበር የተዋናዮቹ ንግግር በአመዛኙ ለብቻው በአንድ መስመር ላይ ይቀመጣል። ቴሌቪዥኑ ያሉት ሁለት ስፒከሮች ብቻ በመሆናቸው ሁሉንም መስመሮች አጣጥፎ በሁለቱ ላይ ይጭናቸዋል። የራሱ መንገድ የነበረው ንግግር ከሙዚቃውና ከፍንዳታው ጋር ተደባልቆ ይወጣል ማለት ነው። ለሲኒማ አዳራሽ የተዘጋጀው በሹክሹክታና በፍንዳታ መካከል ያለው ሰፊ ልዩነትም በጠባቡ ሳሎን ውስጥ ተመልካቹን ሪሞት ከእጁ እንዳይለይ ያስገድደዋል።

መካከለኛው ስፒከር ለምን አስፈለገ?

እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ከወደፊት ባለቤቱ ጋር ሲኒማ ገብቶ ሳለ አንድ ነገር እንዳላረካው ይነገራል። ተዋናዩ በሸራው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ድምጹ ከአንድ ቦታ አይንቀሳቀስም ነበር። ብሉምላይን ድምጹ ተዋናዩን እንዲከተል የሚያደርግ ዘዴ ነድፎ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1931 የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ አስገባ። ዛሬ ስቴሪዮ ተብሎ ለሚታወቀው አሠራር መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

ሁለት ስፒከሮች ግን አንድ ድክመት አለባቸው። ከሁለቱ እኩል ርቀት ላይ የተቀመጠ ሰው ንግግሩ ከመካከል፣ ከምስሉ የመጣ ይመስለዋል። በሶፋው ጫፍ ለተቀመጠው ግን ድምጹ ወደቀረበው ስፒከር ይሳባል። በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ይህን ችግር ገና በጠዋቱ ተመልክተውታል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1933 የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ በፊላደልፊያ ከተማ ሲጫወት ድምጹ በሦስት የስልክ መስመሮች ዋሽንግተን ወደሚገኘው ኮንስቲትዩሽን ሆል ተላከ። በአዳራሹ መድረክ ላይ የነበሩት ሦስት የስፒከር ስብስቦች በግራ፣ በመካከልና በቀኝ ተቀምጠው ነበር። በመካከል ያለው ስፒከር አድማጩ የትም ይቀመጥ የት የመካከሉን ድምጽ በስፍራው ያጸናዋል።

ሲኒማው ይህን መንገድ ተከትሎ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው የዲዝኒ "ፋንታዢያ" በበርካታ የድምጽ መስመሮች ለሕዝብ ከቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች አንዱ ሆነ። በ1992 ዶልቢ ዲጂታል፣ በ2012 ደግሞ ድምጽን ከጣሪያም ጭምር የሚያወርደው ዶልቢ አትሞስ ወደ ሲኒማ ቤቶች ገቡ። ሁለቱም በጊዜ ሂደት ወደ መኖሪያ ቤት ዘልቀዋል።

በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥርም ከዚህ የመጣ ነው። "5.1" ሲባል አምስቱ ዋና ስፒከሮች ናቸው። እነርሱም የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ መካከለኛው እንዲሁም በተመልካቹ ጎንና ጎን የሚቆሙት ሁለቱ ናቸው። ከነጥቡ በኋላ ያለው አንድ ለወፍራሙ ድምጽ ብቻ የተመደበው ሰብዉፈር ነው። "7.1" ከኋላ ሁለት ይጨምራል፤ "5.1.2" ደግሞ ከላይ የሚመጣ ድምጽ የሚያወጡ ሁለት ስፒከሮች እንዳሉት ያመለክታል። ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ሥራ ያለበት መካከለኛው ነው፤ የፊልሙ ንግግር አብዛኛው ክፍል በእርሱ በኩል ያልፋልና። ይሁንና በብዙ ርካሽ ስብስቦች ውስጥ ትንሹና ደካማው ስፒከር እርሱ ሆኖ ይገኛል። ገዢው ካርቶኑን ከፍቶ ሊመረምረው የሚገባው የመጀመሪያው ዕቃም ይኸው ነው። መካከለኛው በመጠንም በአሠራርም ከግራና ከቀኙ ጋር የሚመጣጠን፣ ቢቻል ከአንድ ፋብሪካ ከአንድ ዓይነት የወጣ ቢሆን ይመረጣል።

"መጣ" እና "መታ"

ንግግር በጆሮ ውስጥ የሚለየው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ለምርጫው ይረዳል። ጤናማ የወጣት ጆሮ በግምት ከ20 እስከ 20,000 ሄርትዝ ያሉትን ድምጾች ይሰማል። በንግግር ውስጥ አናባቢዎች ዝቅ ባለው ክልል ይገኛሉ፤ ጉልበታቸውም ብርቱ ነው። እንደ "ሰ"፣ "ፈ"፣ "ተ"፣ "ጠ" እና "ቀ" ያሉት ተነባቢዎች ግን አንዱን ከሌላው የሚለየው መረጃቸው በአመዛኙ ከ2,000 ሄርትዝ በላይ ነው፤ ጉልበታቸውም ደካማ፣ ዕድሜያቸውም አጭር ነው። ሰውየው እየተናገረ መሆኑን የሚያሳውቁት አናባቢዎቹ ሲሆኑ፣ ምን እንዳለ የሚያስታውቁት በይበልጥ ተነባቢዎቹ ናቸው።

አማርኛ በዚህ ረገድ ጠንቃቃ ጆሮ የሚሻ ቋንቋ ነው። የዜና አንባቢው "መጣ" ሲል "መታ" ብሎ ለሰማ ሰው ዜናው ሌላ ዜና ይሆናል። ማጥበቅና ማላላትም አለ፤ "ገና" ሲላላ ጊዜን፣ ሲጠብቅ በዓልን ያመለክታል፤ "አለ" ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን። ልዩነቱ ያለው በአንድ ተነባቢ ርዝመት፣ ከአንድ ሰከንድ እጅግ ባነሰች ቅጽበት ውስጥ ነው። ስፒከሩ ያደበዘዘው ወይም ክፍሉ ያስተጋባው ንግግር ይህችን ቅጽበት ይሰርቃታል።

በዕድሜ የሚመጣ የመስማት መቀነስ አስቀድሞ የሚነካውም ከፍ ያሉትን ድምጾች ነው። አዛውንቶች "ድምጹ ይሰማኛል፤ የሚለው ግን አይገባኝም" የሚሉት ስለዚህ ነው። ለእነርሱ አጠቃላይ ድምጹን መጨመር አናባቢውንና ፍንዳታውን አብሮ ስለሚጨምር እምብዛም አይጠቅማቸውም። የሚጠቅማቸው ተነባቢዎቹን አጥርቶ የሚያወጣና ፊቱን ወደ እነርሱ ያዞረ ስፒከር ነው። ጥሩ ስፒከር ተሟልቶም ንግግር መለየት የሚያስቸግር ከሆነ የመስማት ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው።

ከሃርቫርድ የተገኘ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1895 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ባሠራው የፎግ ሙዚየም ውስጥ አንድ የመማሪያ አዳራሽ ነበር። ሕንጻው ያማረ ቢሆንም መምህሩ የሚናገረውን መስማት አልተቻለም። ችግሩን እንዲመረምር ኃላፊነት የተሰጠው ዋላስ ሳቢን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር ነበር። ሳቢን የኦርጋን ቱቦ፣ የሰዓት መቁጠሪያና ስል ጆሮውን ይዞ በሌሊት መሥራት ጀመረ። በአዳራሹ የተነገረ አንድ ቃል ለአምስት ሰከንድ ተኩል ያህል እየተስተጋባ ይቆይ ነበር፤ አንዱ ቃል ሳይጠፋ ሌሎች በርካታ ቃላት በላዩ ይደረቡበታል።

ሳቢን በአቅራቢያው ከሚገኘው የሳንደርስ ቲያትር የመቀመጫ ትራሶችን በሌሊት እያስመጣ በአዳራሹ ውስጥ ደረደረ፤ ማለዳ ደግሞ ወደ ስፍራቸው ያስመልሳቸው ነበር። ትራሱ በበዛ ቁጥር ማስተጋባቱ አጠረ። ከዚህ አድካሚ ሥራ የአንድን ክፍል ማስተጋባት ከስፋቱና በውስጡ ካለው ድምጽ የሚመጥ ነገር በመነሣት ለማስላት የሚያስችል ቀመር ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተውና በድምጹ ጥራት ስመ ጥር የሆነው የቦስተን ሲምፎኒ ሆል የተሠራው በሳቢን ምክር ነው።

የሳቢን ትራሶች ለዛሬው ሳሎንም ይሠራሉ። ባዶ የሴራሚክ ወለል፣ ሰፊ መስተዋትና ራቁት ግድግዳ ያለው ክፍል ውድ ስፒከር ቢገባበትም እንደ ገደል ማሚቶ ያስተጋባል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በክፍሉ መካከል ቆሞ አንድ ጊዜ እጅን ማጨብጨብ ይበቃል። ጭብጨባው ተከትሎት የሚርገበገብ ድምጽ ካለ ክፍሉ ልብስ ይሻል። በስፒከሩና በሶፋው መካከል ወፈር ያለ ምንጣፍ፣ በመስኮቱ ላይ ከባድ መጋረጃ፣ በግድግዳው ላይ መጻሕፍት የሞላ መደርደሪያ ወይም የተሰቀለ ጋቢና ምንጣፍ ከፍ ያሉትን ድምጾች ይመጣሉ። ይህ ወጪ ከአዲስ ስፒከር ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው፤ ለንግግር የሚሰጠው ጥቅም ግን ብዙ ጊዜ የበለጠ ነው።

ወፍራሙ ድምጽና ጎረቤት

ወፍራም ድምጽ በተለምዶ ቤዝ የሚባለው ነው፤ ጠባዩም የተለየ ነው። ድምጽ በክፍል ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። የ20,000 ሄርትዝ ድምጽ የሞገድ ርዝመቱ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ያነሰ ሲሆን፣ የ20 ሄርትዝ ግን 17 ሜትር ያህል ነው። ይህ ሞገድ ከሳሎኑ ይረዝማል። በመሆኑም ወፍራሙ ድምጽ በግድግዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ በአንዳንድ ስፍራ ይደራረባል፣ በአንዳንድ ስፍራ ደግሞ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አምስት ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል ይህ ክስተት ከ34 ሄርትዝ አካባቢ ይጀምራል። በአንዱ ወንበር ቤቱ ሲንቀጠቀጥ በሌላው ምንም የማይሰማው ስለዚህ ነው።

ባለሙያዎች ለዚህ የሚመክሩት ዘዴ ሲያዩት የሚያስቅ ቢሆንም ይሠራል። ሰብዉፈሩ ተመልካቹ በሚቀመጥበት ሶፋ ላይ ይቀመጣል፤ ወፍራም ድምጽ የበዛበት ሙዚቃ ይከፈታል፤ ባለቤቱም በግድግዳው ጥግ ጥጉን እየዳኸ ያዳምጣል። ድምጹ ሳይደፈንና ሳይጋነን የሚሰማበት ስፍራ ለሰብዉፈሩ የሚስማማው ስፍራ ነው። ከ80 ሄርትዝ በታች ያለውን ድምጽ ጆሮ ከየት እንደመጣ ለይቶ ለማወቅ ስለሚቸገር ሰብዉፈሩ የግድ ከቴሌቪዥኑ ጎን መቆም የለበትም።

በአፓርታማ የሚኖሩ ቤተሰቦች ሌላም ነገር ማሰብ ይኖርባቸዋል። ቀጭን ድምጽን ግድግዳ ይመልሰዋል፤ ወፍራሙን ግን በቀላሉ አያቆመውም። የታችኛው ፎቅ ነዋሪ የሚሰማው የፊልሙን ንግግር ሳይሆን የሰብዉፈሩን ምት ነው። ሰብዉፈሩን ከጋራ ግድግዳ ማራቅና ከሥሩ ወፍራም የላስቲክ ወይም የስፖንጅ ንጣፍ ማድረግ በተለይ በወለሉ በኩል የሚተላለፈውን ንዝረት ይቀንሰዋል። ምሽት ላይ ግን መጠኑን ዝቅ ማድረግን የሚተካ ነገር የለም።

ዋት የሚነግረንና የማይነግረን

ዋት አምፕሊፋየሩ የሚሰጠው ጉልበት እንጂ የድምጹ ጉላት መለኪያ አይደለም። ጉልበቱ ከ50 ወደ 100 ዋት እጥፍ ሲሆን ድምጹ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ይህ ለጆሮ ትንሽ ልዩነት ነው። ድምጹ ለአድማጩ እጥፍ የጎላ ያህል እንዲሰማው 10 ዴሲቤል ገደማ መጨመር፣ ማለትም ጉልበቱን በአሥር እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከዋቱ ጎን ሌላ ቁጥር መመልከት ይገባል። ይኸውም ስፒከሩ በአንድ ዋት ጉልበት በአንድ ሜትር ርቀት ላይ የሚያወጣው የዴሲቤል መጠን ነው። ይህ ቁጥር 85 የሆነ ስፒከር በ100 ዋት የሚያወጣውን ድምጽ፣ 91 የሆነው በ25 ዋት ያወጣዋል። አንዳንድ ፋብሪካዎች በካርቶኑ ላይ የሚጽፉት ትልቅ ቁጥር ደግሞ የሁሉም ስፒከሮች ድምር ወይም ለቅጽበት ብቻ የሚዘልቅ ከፍተኛ ጉልበት ሊሆን ይችላል። በመጠነኛ ሳሎን ውስጥ ለተለመደ እይታ በአማካይ የሚፈጀው ጉልበት ጥቂት ዋት ብቻ ነው፤ ቀሪው ለድንገተኛው ፍንዳታ መጠባበቂያ ነው።

ዓይን ጆሮን ሲያሳስት

ካናዳዊው የድምጽ ሳይንቲስት ፍሎይድ ቱል በአገሩ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሳለ ለዓመታት አንድ ዓይነት ሙከራ አካሂዷል። ስፒከሮቹን ከመጋረጃ ጀርባ ደብቆ አድማጮች የትኛው የተሻለ እንደሆነ እንዲፈርዱ ያደርግ ነበር። ሰዎች ስፒከሩን ሳያዩ ሲያዳምጡ ምርጫቸው በአስደናቂ ሁኔታ ይቀራረባል። የሚመርጡትም ሁሉንም ድምጾች ሳያበላልጥ የሚያወጣውን፣ ከፊቱ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም የሚበትነው ድምጽ የተስተካከለውን ስፒከር ነው። በ1994 ከሾን ኦሊቭ ጋር ባሳተመው ጥናት ደግሞ ስፒከሮቹን እያዩ የሚያዳምጡ ሰዎች ፍርዳቸው በመጠንና በመልክ፣ በስምና በዋጋ እንደሚሳብ አሳይቷል።

ከዚህ ለገዢው የሚተርፍ ምክር አለ። ወደ መደብር ሲኬድ ሻጩ የሚከፍተውን የፍንዳታ ትዕይንት ብቻ ሰምቶ መመለስ አይገባም። በስልክ ላይ የተጫነ የአማርኛ ዜና ወይም ትረካ፣ አንድ የወንድና አንድ የሴት ድምጽ ይዞ መሄድና ድምጹን ዝቅ አድርጎ ማዳመጥ የበለጠ ይመሰክራል። የምናውቀውን የሰው ድምጽ ስናዳምጥ ጆሯችን በቀላሉ አይታለልም። ሁለት ስፒከሮች ሲነጻጸሩም ጉላታቸው እኩል መሆን አለበት፤ ጥቂት የጎላው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማልና። ከዚያም ዓይንን ጨፍኖ መፍረድ ነው።

ለየቤቱ የሚስማማው

በጋራ መኖሪያ ወይም በአንዲት ጠባብ ክፍል ለሚኖር ሰው አምፕሊፋየር በውስጡ ያለው ጥንድ ትናንሽ ስፒከር ይበቃዋል። ስፒከሮቹ ወደ አድማጩ በቀረቡ ቁጥር ትንሽ ድምጽ በቂ ይሆናል፤ የክፍሉ ማስተጋባትም ጣልቃ አይገባም። ሽቦ ማብዛት ለማይፈልግ ቤተሰብ ሳውንድ ባር የተባለው ረጅምና ቀጭን ስፒከር ምቹ ነው። በዚህ ጊዜ ለንግግሩ የተለየ መካከለኛ ስፒከር በውስጡ እንዳለው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። "2.1" የሚለው የለውም፤ "3.1" እና ከዚያ በላይ የሆነው ግን አለው።

ሰፋ ያለ ሳሎን ላለውና ፊልም ለሚወድ ቤተሰብ የተለያዩ ስፒከሮችና የድምጽ ሪሲቨር ይመከራሉ። ይህ ሪሲቨር የሳተላይት ቻናል ከሚቀበለው የተለየ፣ ለሁሉም ስፒከሮች ጉልበት የሚያከፋፍል መሣሪያ ነው። ገንዘቡ ካልበቃ በሦስት የፊት ስፒከሮች ጀምሮ ሰብዉፈሩንና የጎኖቹን በሌላ ጊዜ መጨመር ይቻላል። በአንድ ዋጋ ከተገዙ ሰባት ደካማ ስፒከሮች ሦስት ደህና ስፒከሮች ይሻላሉ። ብዙዎቹ የዜናና የውይይት ዝግጅቶች የሚሰራጩት በሁለት መስመር መሆኑም መታወስ አለበት፤ ሪሲቨሩ ግን ለሁለቱ የጋራ የሆነውን ንግግር ለይቶ ወደ መካከለኛው መላክ ይችላል።

ስፒከሩንና ቴሌቪዥኑን ለማገናኘት "ኢ-አርክ" የሚል ምልክት ያለበት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ተመራጭ ነው። ብሉቱዝ ለሙዚቃ ቢመችም ድምጹን ስለሚያዘገይ ንግግሩ ከከንፈር እንቅስቃሴ ጋር ላይገጥም ይችላል። ለስፒከር ሽቦ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያሻም፤ እስከ አሥር ሜትር ለሚደርስ ርቀት ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ለአብዛኞቹ ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በቂ ነው።

ለቤተሰብ ስጦታ ወደ አገር ቤት ስፒከር የሚልክ ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የዕቃውን ጀርባ ሊያነብ ይገባል። በሰሜን አሜሪካ ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል 120 ቮልት ሲሆን የኢትዮጵያ 220 ነው። በጀርባው "100–240" ተብሎ የተጻፈበት በሁለቱም ይሠራል። "120" ብቻ የሚለው ግን አዲስ አበባ ደርሶ በቀጥታ ቢሰካ ሊቃጠል ይችላል፤ ጉልበቱን የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

ከተገዛ በኋላ

ስፒከር ከተገዛ በኋላ የሚወስነው አቀማመጡ ነው። ከተመልካቹ መቀመጫ ሲታይ ግራና ቀኙ ከመካከሉ መስመር በ30 ዲግሪ ገደማ፣ የጎኖቹ ደግሞ ከጆሮ ጥቂት ወደ ኋላ፣ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ ቢቆሙ መልካም ነው። መካከለኛው ስፒከር በቡፌው ጥልቅ መደርደሪያ ውስጥ ከተወሸቀ ድምጹ ይታፈናል። እስከ መደርደሪያው ጠርዝ ወጥቶ፣ ፊቱ ወደ ተቀመጠ ሰው ጆሮ ቀና ቢል ንግግሩ ወዲያው ይጠራል። ብዙ ሪሲቨሮች ከማይክሮፎን ጋር ይመጣሉ፤ ማይክሮፎኑን በመቀመጫው ላይ አድርጎ መለኪያውን ማስጀመር የየስፒከሩን ርቀትና ጉላት ያስተካክላል። ከዚያ በኋላም ንግግሩ ካነሰ መካከለኛውን ብቻ በ2 ወይም በ3 ዴሲቤል መጨመር ይቻላል። "የማታ ድምጽ" የሚባለው ምርጫ ደግሞ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርጋል፤ ሕጻን በተኛበት ቤት እጅግ ጠቃሚ ነው።

በመጨረሻ የጆሮ ጤና አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል ድምጽ በሳምንት ከ40 ሰዓት ያልበለጠ ማዳመጥን ይመክራል። ድምጹ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በሚገባ የተመረጠና የተቀመጠ ስፒከር ንግግሩን በዝቅተኛ ድምጽ ስለሚያሰማ ሪሞቱን ከፍ የማድረግ ፍላጎትን ራሱ ይቀንሰዋል።

የሥራው ውጤት የሚፈተነውም በፍንዳታው አይደለም። አንድ ምሽት ቤተሰቡ እንደ ወትሮው ተሰብስቦ፣ በሶፋው ጫፍ የተቀመጡት እናት ፊልሙን ወይም ዜናውን እስከ መጨረሻው ተከታትለው፣ አንድም ጊዜ "ምን አለ?" ሳይሉ ስለተባለው ነገር ከልጆቻቸው ጋር መከራከር ከጀመሩ ስፒከሩ በትክክል ተመርጧል።